9 ሰው የሚጋራው የአክሰስ ዳታቤዝ በየሳምንቱ ይበላሻል፤ ወደ ምን እናዛውረው?

ዋናው ጥያቄ

የምሠራው አዲስ አበባ ውስጥ፣ በአንድ የገንዘብ ቁጠባና ብድር ኅብረት ሥራ ማኅበር ነው። አባላት በየወሩ የሚቆጥቡት፣ የሚበደሩት፣ የሚመልሱት ሁሉ አንድ የአክሰስ (የማይክሮሶፍት የመዝገብ መያዣ ፕሮግራም) ፋይል ውስጥ ነው ያለው። ፋይሉ ሼር በተደረገ ፎልደር ላይ ተቀምጧል። 9 ሰው በአንድ ጊዜ ይከፍተዋል። የሠራልን ልጅ ሲሠራው ለ2 ሰው ነበር። አሳምሮ ነው የሠራው፤ 6 ዓመት አገልግሎናል። ዛሬ ልጁ ሌላ አገር ነው ያለው፤ እኛ ደግሞ አይቲ ባለሙያ የለንም። ኮምፒውተር ትንሽ የሚገባኝ እኔ ስለሆንኩ ነገሩ እኔ ላይ ወደቀ።

አሁን ፋይሉ በየሳምንቱ ይበላሻል። የፋይሉን ዓይነት አላወቅሁትም የሚል መልእክት ያመጣል። ሁሉም እንዲወጣ ክፍል ለክፍል እየዞርን እንናገራለን። ኮምፓክት ኤንድ ሪፔር የሚባለውን የአክሰስ የራሱን ጥገና እናደርጋለን። ወረፋው እስከ በር ይደርሳል።

እንድጽፍ ያደረገኝ ሰኔ 12 ቀን የሆነው ነው። አንዲት እናት ደብተራቸውን ይዘው መጡ። ደብተሩ ላይ የግንቦት ቁጠባቸው ተጽፏል፣ ማኅተምም አለው። ኮምፒውተሩ ላይ ግን የለም። ስንፈትሽ ባለፈው ጥገና 14 መስመር ጠፍቶ ኖሯል። ሴትየዋ አልተቆጡም። ገንዘባቸው የት እንደገባ ብቻ ጠየቁኝ። የምመልሰው አልነበረኝም።

ጥያቄዬ ይህ ነበር። ያለውን እናጠናክር ወይስ ወደ ሌላ እንዛወር? በጀት የለም ማለት ይቻላል። መብራት ይሄዳል። ሥራውም አንድ ቀን መቆም አይችልም። የመጡትን መልሶች በተራቸው ከዚህ በታች አስቀምጫለሁ፤ ሁሉንም በራሴ ቃል ነው የጻፍኩት።

መልስ 1

የመጀመሪያው ሰው በጣም ትሑት ነበር። የክሊኒክ መዝገብ ለዓመታት ይዟል። ከመመለሱ በፊት 3 ነገር ጠየቀ። ፎርሙና ሠንጠረዡ አንድ ፋይል ውስጥ ነው ወይስ ተለያይቷል? ሁሉም ሰው ያንኑ ፋይል ነው የሚከፍተው? በዋይፋይ የሚገባ አለ? እኔም አልተለያየም፣ ሁሉም ያንኑ ይከፍታል፣ 3 ሰው በዋይፋይ ነው ብዬ መለስኩ። ከዚህ በኋላ የመጣው መልስ ሁሉ በዚህ ላይ የቆመ ነው።

መልስ 2

ከሁሉም በላይ የጠቀመኝ ይህኛው ነው። ለምን እንደሚበላሽ አስረዳ። አክሰስ ሲጋራ፣ ፎልደሩ ያለበት ኮምፒውተር ምንም አይሠራም። መደርደሪያ ነው። 9ኙ ኮምፒውተሮች እያንዳንዳቸው የፋይሉን ቁራጭ በኔትወርክ እየሳቡ፣ ራሳቸው ቀይረው ራሳቸው መልሰው ይጽፋሉ። ማን ምን እንደያዘ የሚታወቀው ከፋይሉ አጠገብ በምትፈጠረው ትንሽ የመቆለፊያ ፋይል ነው። አንዱ እየጻፈ ሳለ መብራት ከሄደ ወይም ዋይፋዩ ለአፍታ ከተቋረጠ ቁራጩ ግማሽ ተጽፎ ይቀራል። ጉዳቱ ደግሞ ለ9ኙም ይተርፋል።

ምሳሌው በደንብ ገባኝ። የንብረት ክፍል አስቡ አለ። 9 ሠራተኛ የየራሱን ቁልፍ ይዞ እየገባ ዕቃ ቢያወጣና ቢያስገባ በወሩ መጨረሻ ቆጠራው አይገጥምም። ስለዚህ ቁልፉን አንድ ሰው ይይዛል፤ ሞዴል 22 ሳይቆረጥ ዕቃ አይወጣም። የዳታቤዝ ሰርቨር ያ ባለቁልፍ ነው። ፋይሉን የሚነካው እሱ ብቻ ነው፤ ሌላው ሁሉ ጥያቄ ይልካል። ሊሠራ ያሰበውንም አስቀድሞ መዝገብ ላይ ያሰፍራል። መብራት ሄዶ ሲመለስ መዝገቡን አንብቦ ያለቀውን ያጸድቃል፣ ያላለቀውን ይሰርዛል። ግማሽ የተጻፈ መስመር አይተውም።

መልስ 3

ይኼኛው ኃይለኛ ነበር። የሰው ገንዘብ በአክሰስ የሚይዝ ቢሮ ኃላፊነት የጎደለው ነው ሲል ጻፈ። አክሰስን የተማሪ መለማመጃ ነው ብሎ አጣጣለው። ሠርቶ ያስረከበንንም ልጅ ነካ። ይህ አስከፋኝ። ልጁ የተጠየቀውን ነው የሠራው።

መልስ 4

ሌላው ሰው ወዲያው አረመው። አክሰስ በፈረንጆቹ ከ1992 ጀምሮ ያለ ሥርዓት ነው፤ ብዙ ትናንሽ ቢሮዎች ዛሬም ይተዳደሩበታል። ማይክሮሶፍት ራሱ ገደቡን አስቀምጧል፤ አንድ ፋይል ከ2 ጊጋባይት አያልፍም፣ በወረቀት ላይ ደግሞ 255 ሰው ድረስ ይከፍተዋል። በተግባር ግን ከ10 ሰው በላይ አብሮ ሲጽፍ እሱ ሰላም አይቶ አያውቅም። ለ2 ሰው የተሠራን ነገር 9 ሰው ሲጭንበት ጥፋቱ የሠሪው አይደለም አለ። በዚህ ሙሉ በሙሉ እስማማለሁ።

መልስ 5 እና 6

3ኛው ተመልሶ መጣ፤ አሁን ደግሞ የእንግሊዝን ምሳሌ ይዞ። በ2020 የጤና መሥሪያ ቤታቸው 16 ሺህ ያህል የኮቪድ ታማሚ መዝገብ እንደጣለ አነሳ። 6ኛው መልስ በቁጣ ነበር የተጻፈው። ያ አክሰስ አልነበረም፣ ኤክሴል ነበር። የድሮው የኤክሴል ፋይል ከ65,536 መስመር በላይ አይይዝም፤ የተረፈው ሳይገባ ቀረ፣ ማንም ሳያይ ቀናት አለፉ። ቁጥሩ ትክክል ነው፣ የመሣሪያው ስም ግን ስህተት ነው፤ ሰው ከመክሰስ በፊት ይጣራ የሚል ነበር መልእክቱ። እኔ ከዚህ ያነሳሁት ሌላ ነገር ነው። የእኛ ፋይል ስንት እንደደረሰ አይቼ አላውቅም ነበር። ከፍቼ አየሁ፤ 1.3 ጊጋባይት። አብዛኛው የተለጠፈ ፎቶ ነው።

መልስ 7

ይህች እህት ስለመዛወር ምንም አላወራችም። ዛሬ ማታ የሚደረገውን ብቻ ዘረዘረች። ፋይሉን ለሁለት ክፈሉ፤ ሠንጠረዦቹ ፎልደሩ ያለበት ኮምፒውተር ላይ ይቅሩ፣ ፎርሙና ሪፖርቱ በየሰው ኮምፒውተር ላይ የየራሱ ቅጂ ይሁን። ዋይፋይን ትታችሁ ኬብል ዘርጉ። ለዚያ ኮምፒውተር ዩፒኤስ (መብራት ሲሄድ በባትሪ የሚያቆይ) ግዙ፤ ኬብሎቹ ለሚገናኙበት ስዊችም ጭምር። ብዙ ሰው ስዊቹን ይረሳል አለች። ኮምፒውተሩ በዩፒኤስ ቢቆይም ስዊቹ ከጠፋ መስመሩ ያው ይቋረጣል። በየማታው ቀን የተጻፈበት ቅጂ ውሰዱ፤ የትናንቱን በዛሬው አትደርቡ። ፋይሉ ከኢንተርኔት ጋር ራሱን በሚያመሳስል ፎልደር ውስጥ ካለ አውጡት፤ ሁለት ሰው አብሮ ሲጽፍ ሁለት የማይገጥም ፋይል ይወልዳል።

ሁሉንም በዚያው ሳምንት አደረግን። የወጣው የኬብልና የአንድ ትንሽ ዩፒኤስ ዋጋ ነው። በሐምሌ ወር ሙሉ የተበላሸው አንድ ጊዜ ብቻ ነው። ሌላ ነገር ባታደርጉ እንኳ ይህን አድርጉ።

መልስ 8፣ 9 እና 10

ከቨርጂኒያ የጻፈች የሂሳብ ባለሙያ ሁሉንም ወደ ክላውድ፣ ማለትም በኢንተርኔት ወደሚገኝ የሌላ ድርጅት ሰርቨር እንድናዛውር መከረች። እሷ ያለችበት ቢሮ ሰርቨር የሚባል ነገር የለውም፣ ባክአፑም ራሱን ይወስዳል። ከልቧ ነው የመከረችው። 9ኛው ከአዳማ ነው። ኢንተርኔት በተቋረጠ ቁጥር ወረፋ የቆመን ሰው ነገ ና ማለት እንደማይቻል ጻፈ። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016ንም አነሳ፤ የአባላት ስም፣ ስልክና ዕዳ ከአገር ውጭ ያለ ማሽን ላይ ከመቀመጡ በፊት ሕጉን የሚያውቅ ሰው ይጠየቅ አለ። 10ኛው መሐል ገባ፤ ዋናው መዝገብ ቢሮ ይሁን፣ የተቆለፈ የባክአፕ ቅጂ ደግሞ ሌላ ቦታ ይቀመጥ አለ። ለእኛ የሚሆነው ይህ ነው።

መልስ 11

የትኛው ሰርቨር? እዚህ ላይ ክርክሩ ረዘመ። ይህ ሰው ሁለት ነፃ መንገድ አሳየ። አንዱ የማይክሮሶፍት ኤስኪውኤል ሰርቨር ኤክስፕረስ ነው። እስከ 2022ቱ ዕትም አንድ ዳታቤዝ 10 ጊጋባይት ይይዛል፣ ክፍያ የለውም። ሌላው ፖስትግሬስኪውኤል ነው። ከካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ በርክሌይ የወጣ፣ በፈረንጆቹ ከ1996 ጀምሮ በዚህ ስም የሚጠራ፣ እንዲህ ያለ የመጠን ገደብ የሌለው ነው። እሱ ለራሱ ፖስትግሬስን ይመርጣል፤ ለእኛ ግን ኤክስፕረስን መከረ። ምክንያቱ ፎርሞቻችን ናቸው። ሠራተኛው የለመደውን የአክሰስ ፎርም ሳይለቅ ከበስተጀርባው ሠንጠረዦቹን ብቻ ወደ ሰርቨሩ ማዛወር ይቻላል። ፎርሙ ኦዲቢሲ በሚባል ማገናኛ ከሰርቨሩ ጋር ይገናኛል። ማዛወሪያውን ፕሮግራም ማይክሮሶፍት በነፃ ይሰጣል፤ አክሰስ ውስጥ የነበረው የድሮው ማዛወሪያ ከ2013ቱ ዕትም ጀምሮ ወጥቷል፣ አትፈልጉት አለ።

ሁለት ነገር አስጠነቀቀ፤ ሁለቱም ደረሱብኝ። ኤክስፕረስ ሲጫን በኔትወርክ የሚገባበት በር ተዘግቶ ነው የሚመጣው፤ ቲሲፒ አይፒ የሚለውን ራስህ ታበራለህ፣ ፋየርዎሉንም ትከፍታለህ። ግማሽ ቀን ፈጀብኝ። ደግሞም ኤክስፕረስ በሰዓቱ ባክአፕ የሚወስድ የራሱ ሠራተኛ የለውም፤ የዊንዶውስን የሰዓት መርሐ ግብር ተጠቅመህ ማዘዝ አለብህ።

መልስ 12

አማርኛ። ይህን ሰው ባላገኘው ኖሮ ምን ይውጠኝ እንደነበር እንጃ።

ኤስኪውኤል ሰርቨር ፊደል የሚያነጻጽርበት ኮሌሽን የሚባል ሥርዓት አለው። ሲጫን ብዙ ጊዜ የሚመረጠው የድሮው ኮሌሽን የግዕዝ ፊደልን አያውቅም። ፊደሉን በትክክል ያስቀምጣል፣ በትክክል ያሳያል፤ ሲያነጻጽር ግን ሁሉንም እኩል ያደርጋል። አበበን ስትፈልግ አልማዝም ከበደም ይመጣሉ። ስም እንዳይደገም ካዘዝክ ደግሞ ሁለተኛውን አባል አልቀበልም ይላል። መፍትሔው ስሙ ውስጥ 100 የሚል ቁጥር ያለበትን አዲሱን ኮሌሽን መምረጥ ነው፤ ያውም ዳታው ከመግባቱ በፊት። ባዶ ዳታቤዝ ላይ ሞከርኩት። ያለው ልክ ነው፤ 3 ስም አስገብቼ አንዱን ስፈልግ 3ቱም መጡ።

ሁለተኛው ነጥብ የዓምዱ ዓይነት ነው። ዩኒኮድ (የዓለም ፊደላት ሁሉ በኮምፒውተር የሚጻፉበት ሥርዓት) የሚቀበለውን ዓይነት ካልመረጥክ አማርኛው የጥያቄ ምልክት ሆኖ ይቀመጣል፤ አንዴ እንዲህ ከተቀመጠ መልሶ የሚያወጣው የለም። ማዛወሪያው ፕሮግራም ይህን በትክክል ያደርጋል። በእጅ የሚጻፍ ትእዛዝ ላይ ግን ከጽሑፉ ፊት ኤን የምትለዋን ፊደል መርሳት ያንኑ ጥፋት ያመጣል።

መልስ 13

የቀን ነገር። ይህን የጻፈችው በመንግሥት መሥሪያ ቤት መዝገብ ቤት የሠራች ሴት ናት። አንድ ጥያቄ ብቻ ነበራት፤ የኢትዮጵያን ቀን የምትጽፉት የፈረንጅ ቀን በሚቀበል ዓምድ ውስጥ ነው ወይ? አዎ ነበር መልሴ። ያኔ ጥቅምት 29ንና 30ን ሄጄ እንዳይ ነገረችኝ።

አየሁ። በ6 ዓመት ውስጥ ጥቅምት 30 የተቆጠበ አንድ ብር የለም። ምክንያቱ ቀላል ነው። ጥቅምት 2ኛ ወር ነው፤ የፈረንጆቹ 2ኛ ወር ፌብሩዋሪ ደግሞ 30 ቀን የለውም። ዓምዱ አልቀበል ሲል ጸሐፊዎቹ ኅዳር 1 ብለው ይጽፉ ነበር። ጳጉሜን የባሰ ነው። 5/13/2015 ተብሎ ሲጻፍ አክሰስ 13ኛ ወር አያውቅም፤ ምንም ሳይናገር ቁጥሮቹን አገላብጦ ሜይ 13 ያደርገዋል። ጳጉሜን 5 ቀን 2015 በእውነተኛው ቆጠራ ሴፕቴምበር 10 ቀን 2023 ነው። የጳጉሜን 5 ገንዘብ በ5ኛው ወር፣ በጥር ሪፖርት ውስጥ፣ የሌሎቹ የጳጉሜን ቀናት ገንዘብም እንዲሁ በየቁጥራቸው ወር ውስጥ ተደባልቆ ቆይቷል። ሪፖርቱ ለምን አይገጥምም እያልን ስንት ማታ አምሽተናል።

ምክሯ እንዲህ ነበር። ሰርቨሩ ላይ ቀኑ በፈረንጅ አቆጣጠር ይቀመጥ፤ ፎርሙ ላይ ወደ ኢትዮጵያ ተቀይሮ ይታይ። የድሮው ጽሑፍ በሌላ ዓምድ ውስጥ እንዳለ ይቆይ፤ ከወረቀቱ ደረሰኝ ጋር ተመሳክሮ እስኪያልቅ አይሰረዝ። የእኛን ደረሰኝ ማመሳከር 11 ቀን ወሰደ። ከዝውውሩ ሥራ ሁሉ ረጅሙ ይህ ነበር። ሶፍትዌሩን መጫን ከዚህ ጋር ሲተያይ ቀላል ነው።

መልስ 14፣ 15 እና 16

ከዚህ በኋላ ወሬው ከመስመር ወጣ። 14ኛው ስም ፍለጋን አነሳ። አንዱ ፀሐይ ብሎ ይጽፋል፣ ሌላው ጸሀይ ይላል፤ ኮምፒውተሩ ሁለት ሰው ያደርጋቸዋል። ሐ እና ኀን ወደ ሀ፣ ሠን ወደ ሰ፣ ዐን ወደ አ፣ ፀን ወደ ጸ እንድንቀይር መከረ። 15ኛው በጣም ተቆጣ። ሠረቀ ወጣ ማለት ነው፣ ሰረቀ ደግሞ የሰው ዕቃ ወሰደ፤ ለማሽን ምቾት ተብሎ ፊደል አይደፈጠጥም አለ። ሌላ ሰው ደግሞ ዩኒኮድ በፈረንጆቹ 1999 ግዕዝን ከመቀበሉ በፊት የነበረውን ዘመን አነሳ፤ ፎንቱ ከሌለ ደብዳቤው ሁሉ የማይነበብ ምልክት ይሆን ነበር። ብዙዎች እየተቀባበሉ ትዝታቸውን ጻፉ።

16ኛው ሁለቱንም አስታረቀ። የአባሉ ስም መታወቂያው ላይ እንዳለ ይቀመጥ፤ ማንም አይንካው። ከጎኑ ለፍለጋ ብቻ የሚያገለግል፣ ማንም የማያየው ዓምድ ይኑር። እንደዚያ አደረግን። 15ኛውም አመሰገነ።

መልስ 17

አጭርና ደረቅ መልስ ነው፣ ሰላምታም የለው። ገንዘብ በተንሳፋፊ ነጥብ (አስርዮሹን በግምት በሚይዝ) ቁጥር አይያዝም፤ አስርዮሹ በታወቀ ዓይነት ይሁን አለ። አዎ ወይም አይደለም የሚሉ ዓምዶች ባዶ መሆን እንዳይፈቀድላቸው፣ በየሠንጠረዡም የለውጥ ቁጥር የሚይዝ ዓምድ እንዲጨመር አዘዘ። ካለበለዚያ ፎርሙ ማንም ሳይነካው ሌላ ሰው ቀይሮታል እያለ ያስቸግራል። መለያ ቁልፍ የሌለው ሠንጠረዥ ደግሞ ይነበባል እንጂ አይጻፍበትም። ሁሉንም ተከተልኩ። የድሮውንና የአዲሱን የቁጠባ ድምር ሳነጻጽር ልዩነቱ 37 ሳንቲም ነበር፤ መነሻውም ያው ተንሳፋፊ ነጥብ ነው።

መልስ 18

ጊዜውን ስለመምረጥ ነው። ሰኔ 30 የበጀት ዓመት መዝጊያ ስለሆነ በዚያ ሰሞን ማንም አይነካካው አለ። ዓርብ ማታ ድሮውን ዝጉ፣ ቅዳሜና እሑድ አዛውሩ፣ ሰኞ ጠዋት በአዲሱ ክፈቱ። 2 ሳምንት የየቀኑን ድምር ከወረቀት ደረሰኝ ጋር አመሳክሩ። የድሮውን ፋይል ለንባብ ብቻ አድርጋችሁ አቆዩት፤ ሰው በልማድ ገብቶ እንዳይጽፍበት። ነሐሴ ውስጥ በዚህ መንገድ ተዛወርን። ሰኞ ጠዋት 2 ሪፖርት በጣም ዘገየ፤ ስሌቱን ወደ ሰርቨሩ ሳዛውረው ተስተካከለ። ከዚያ ወዲህ ሁሉም ይውጣ ብለን አልዞርንም።

መልስ 19

3ኛው ሰው ነው፣ ግን ሌላ ሰው መስሎ መጣ። በመጀመሪያ ስለ ልጁ የጻፈውን ይቅርታ ጠየቀ። ቀጥሎ ባክአፑን መልሼ ሞክሬው እንደሆነ ጠየቀኝ። በየማታው እየተወሰደ ያለ ባክአፕ መልሶ ሲከፈት ባዶ ሆኖ ያገኘበትን ቀን ነገረን፤ ቁጣው ከየት እንደመጣ ያኔ ገባኝ።

አልሞከርኩትም ነበር። በዚያው ማታ ከጓደኛዬ ላፕቶፕ ተውሼ ኤክስፕረስ ጫንኩበት፣ የትናንቱን ቅጂ በፍላሽ ወስጄ መለስኩት። 6 ደቂቃ ፈጀ። መጀመሪያ የፈለግሁት የእኚያን እናት ስም ነው። 14ቱን መስመር ከደረሰኝ ላይ መልሰን ጽፈናቸው ነበር። የግንቦቱ አለ፤ የሰኔውም፣ የሐምሌውም አለ።

መልስ 20

ከደሴ የጻፈ ሰው የቀን መቀየሪያውን ኮድ ጠየቀ፤ የእነሱም ቢሮ ጥቅምት 30 የለውም። ጳጉሜን 6 ባለበት ዓመት ላይ ገና እየፈተሽኩት ነው። እንዳለቀ እዚሁ እለጥፈዋለሁ።